ስድስት ምስክር፣ አንድ ዓይን

የባየን ሬሳ ያገኙት ቡና አጣቢዎቹ ሴቶች ናቸው። ኅዳር 1972 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የመንግሥት ቡና እርሻ ውስጥ፣ የተፈለፈለው ቡና ከሚብላላባቸው ገንዳዎች ወደ አንዱ ገብተው ሲያማስሉ የአንዷ እንጨት አልንቀሳቀስ አላት። ግንድ መስሏት ጎተተችው። ጫማ ብቅ ሲል ጮኸች።

መርማሪው መቶ አለቃ ባዘዘው ሲደርስ ሬሳው ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በንጹሕ ጆንያ ተሸፍኖ ጠበቀው። ሟችን በአተላ ተለውሶ ማስተኛት ነውር ነው ብለው ጸጉሩን ሳይቀር አጥበውለታል። ደግ ሕዝብ ማስረጃ ሲያጠፋ እንዴት ያለ ጥንቃቄ አለው! ባዘዘው ምን ይበል? ጎንበስ አለና ሟች ጆሮ ግንዱ ላይ በአንድ ከባድ ነገር እንደተመታ አየ። ቀና ሲል ጉሙ ገና ከቡናው ጥላ አልተነሳም ነበር። ከገንዳዎቹ በላይ መፈልፈያ ማሽኑ ቆሞ ይታያል፤ አሮጌ ማሽን ነው፣ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ብቻ አዲስና ጥቁር። ባዘዘው ይህን ሁሉ አየና ረሳው።

ባየ የገንዳዎቹ ተቆጣጣሪ ነበር። ላጤ ነው፣ ቤቱ ሳይገባ ቢያድር የሚፈልገው የለም። እጁም አያርፍም፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ሙሴ የሚባለውን የቤንች ተወላጅ ለቃሚ ቅርጫት ጣልክ ብሎ በዱላ መትቶት፣ ሙሴ ሰው ሁሉ እየሰማ «ይሄ እጅህ አንድ ቀን ይቆማል» ብሎት ነበር። የሙሴ አቤቱታ በባዘዘው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።

መጀመሪያ ቃሏን የተቀበላት ወለላን ነው፤ በማድረቂያ አልጋዎቹ ላይ ቡና የምትለቅም፣ ገና በዚያ ዓመት የተዳረች ልጅ። እያለቀሰች ስለነበር ቶሎ ሊለቃት ፈለገ። ስንት ሰዓት እንደመጣች፣ በየት እንዳለፈች፣ ማንን እንዳየች፣ ሙሴን አይታ እንደሆነ፣ ሟች ጠላት ይኑረው አይኑረው በጥድፊያ ጠየቃት። እሷም አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በጉሙ ውስጥ ጋቢ የተከናነበ ሰው ከገንዳዎቹ ወጥቶ ወደ ቡናው ሲገባ ማየቷን ነገረችው። ባዘዘው ጻፈ። ጥሩ ጅምር ነው አለ በሆዱ።

እኩለ ቀን ላይ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ታፈሰ ስብሰባ ጠራ። ታፈሰ የማሽኑም ሠራተኛ ነው፤ እጁ ግራሶ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ። ሠራተኛው ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ጋቢ የለበሰው ሰው ሙሴ ነው የሚለው ወሬ ቀድሞ ደርሷልና ሌሎች አምስት ሰዎች እየተነሱ እነሱም እንዳዩት ተናገሩ። ከዚያ ታፈሰ «የሚደግፍ?» አለ። እጅ እንደ ቡና ተክል ተደርድሮ ቆመ። «የሚቃወም?» አለ፣ «ድምፀ ተአቅቦ?» አለ፤ የለም። ገዳዩ ሙሴ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ባዘዘው በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስ ሥራ ብዙ ነገር ሲጸድቅ አይቷል፤ የምስክር ዓይን በድምፅ ብልጫ ሲጸድቅ ግን የመጀመሪያው ነው። አልሳቀም። በዚያ ዘመን የት እንደሚሳቅ የማያውቅ ሰው ብዙ አይቆይም ነበር። ሙሴን አስሮ ወደ ጣቢያው ወሰደው።

የአካባቢው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ወርቅአፈራሁ ነገሩን በአምስት ደቂቃ ጨረሰው። ቡና የአብዮቱ ደም ነው፣ በለቀማ ወቅት ተቆጣጣሪ መግደል አሻጥር ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ላንድሮቨር ከጅማ ይመጣል፣ ሙሴ ይጫናል። ባዘዘው ምርመራው አላለቀም ለማለት አፉን ከፈተ።

«ስድስት ምስክር አለህ፣ የሕዝብ ውሳኔ አለህ» አለው ወርቅአፈራሁ። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ፣ ጓድ መቶ አለቃ? ሟቹ ተነስቶ እንዲፈርምልህ ነው?»

በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው ባዘዘው አያውቅም።

*

ሐሙስ ጠዋት ሙሴን ከፊቱ አስቀመጠው። ሙሴ አማርኛው አጭር ነው፤ አልገደልኩም አለ፣ ደግሞ አልገደልኩም አለ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ የት እንደነበር ሲጠየቅ ግን አንገቱን ደፋ። ባዘዘው ለመነው፣ ተቆጣው፣ ሻይ አስመጣለት። ሻዩን ጠጣ እንጂ አልተናገረም። ዝም ያለ ሰው የሚደብቀው አለው፤ ፖሊስ ሲሆን የተማረው ይህን ነው።

በሩ ላይ ሚስቱ አስካለች ሕፃኗን አዝላ ቆማ ነበር። ከማለዳ ጀምራ አልተቀመጠችም።

«ጌታዬ» አለችው፣ «እኛ ቤት ዶሮ እንኳ ጎረቤት ተጠርቶ ነው የሚታረደው። ሙሴ ደም ሲያይ ይወጣል። ይህን የሚጽፉበት ቦታ የለም?»

የሚጽፍበት ቦታ አልነበረም። ባዘዘው እንዳልሰማ ሆኖ አለፋት፤ ልቡ ግን እዚያው በር ላይ ቀረ። ቅዳሜ ሙሴ ከተጫነ ይህች ሴት ያንን ሕፃን ይዛ ስንት ቀን እንደምትቆም እያሰበ ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ሲገባ መምህርት ለተብርሃን ብቻዋን ተቀምጣለች። ለተብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ሥነ ልቦና ስታስተምር ምላሷ አላርፍ ብሎ ወደዚህ የተላከች፣ አሁን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን የምትመራ ሴት ናት። ሰው ከእሷ ጋር መታየት አይወድም። ባዘዘው ግን የዚያን ቀን ከማን ጋር እንደሚታይ ማሰብ አልቻለም፤ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት።

«ስንት ምስክር አለዎት?» አለችው።

«ስድስት።»

«ከመነጋገራቸው በፊት ነው ከተነጋገሩ በኋላ?»

ባዘዘው ሻዩን አማሰለ።

እሷም አንድ ጊዜ በክፍሏ ያደረገችውን አወራችው። አንድ የማያውቁትን ሰው አዝዛ፣ ትምህርት መሐል በድንገት ገብቶ የጠመኔውን ሣጥን ነጥቋት እንዲሮጥ አደረገች። አርባዎቹን ተማሪዎች እንዳይነጋገሩ ከልክላ ያዩትን አጻፈቻቸው፤ አርባ ዓይነት ሌባ ተጻፈላት። በሌላው ክፍል ያንኑ ሰው ላከች፣ ይህን ጊዜ ግን ሩብ ሰዓት እንዲያወሩ ተወቻቸው። ሁሉም ጢማም ሰውዬ ብለው ጻፉ። ሰውየው ጢም አልነበረውም።

«አይዋሹም እኮ፣ መቶ አለቃ። ቢገረፉም ጢም አየን ነው የሚሉት። አርባ ምስክር ግን አልነበረኝም። አርባ ቦታ የተጻፈ አንድ ወሬ ነበረኝ።»

ባዘዘው ስለ ሙሴ ዝምታ ነገራት። እሷ፣ ዝምታ ለነፍሰ ገዳይም ለንጹሕ ሰውም ልክ ይሆናል አለች። ከዚያ ደግሞ፣ ከረቡዕ ወዲህ ሐሳብዎን የሚያፈርስ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ፈልገዋል ወይስ የሚደግፈውን ብቻ ሲለቅሙ ነው የዋሉት ብላ ጠየቀችው። ባዘዘው ተናደደ። ሃያ ሁለት ዓመት ሌባ የያዘ ሰው በጠመኔ አስተማሪ ይፈተናል? ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። መንገዱ መሐል ሲደርስ ቆመ፤ ተመልሶ ገባና፣ ታዲያ እንዴት አድርጌ ልጠይቃቸው አላት።

*

አርብ ማለዳ እርሻው ላይ ነበር። አንድ ቀን ቀርቶታል።

ስድስቱን ምስክሮች እርስ በርስ እንዳይተያዩ በየጥጉ አስቀመጣቸው። መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ቅርጫት አኖረ፤ በአንዱ ቀይ እሸት ቡና፣ በሌላው ከነልብሱ የደረቀ ጀንፈል። መሐል ላይ አፉ ጠባብ ጣሳ። አንድ በአንድ ይገባሉ፣ በር ይዘጋል፣ እሱም ውጭ ይቆማል። የሰውየውን ፊት በዓይኑ ያየ እሸት ይጣል፣ ፊቱን ያላየ ጀንፈል ይጣል፤ ማን ምን እንደጣለ እኔም አላውቅም፣ አለቃችሁም አያውቅም፣ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል አላቸው። በኋለኛው ቃል ደንገጥ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ፤ ካድሬ አልነበረም።

ስድስቱም ገብተው ወጡ። ጣሳውን መዳፉ ላይ ገለበጠው። ስድስት ጀንፈል።

ቁጭ አለ። በስድስት ሰው ዓይን ሊሞት የታሰረ ሰው አለ፣ ከስድስቱ አንድ ዓይን እንኳ ፊቱን አላየም። ከዚህ በላይ ያስደነገጠው ግን የእነሱ እፎይታ ነበር፤ ሲወጡ ሁሉም ትከሻቸው ቀለል ብሎ፣ አንዷ ደግሞ እጁን ስማው ነው የወጣችው።

ታዲያ ስሙ ከየት መጣ? ይህን ይዞ ዞረ። ሲሞን የሚባለው ተሸካሚ፣ ሙሴ መሆኑን የሰማሁት ከአማረች ነው አለ። አማረች ከውሃ ቀጂዎቹ ሰማሁ አለች። ውሃ ቀጂዎቹ ከወለላ። የቀሩትም በየት ዞረው ዞረው ወለላ ላይ ደረሱ። ባዘዘው ደሙ ሞቀ። ይህች የምታለቅስ ልጅ ናት ለካ! ወይ የምትሸፍነው ወዳጅ አላት፣ ወይ የምትከፍለው ቂም። ወደ ማድረቂያው አልጋ ሲገሰግስ ክሱን በሆዱ አርቅቆ ጨርሶ ነበር።

«የሙሴን ስም መጀመሪያ ያነሳው ማነው?» አላት ሳይቀመጥ።

ወለላ ፈራች። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«ማን ነገረሽ? አትፍሪ።»

«እርስዎ ነዎት።»

ባዘዘው አልገባውም።

«እኔ ጋቢ የለበሰ ሰው ነው ያልኩት። እርስዎ ሙሴን አይተሻል ወይ አሉኝ። ትልቅ ሰው ነዎት፣ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው ብዬ፣ ይሆናል አልኩ። ውሃ ቀጂዎቹ ምን አለሽ ሲሉኝም ይህንኑ ነገርኳቸው። ማታውን ሳስበው ደግሞ አካሄዱ የሙሴ እየመሰለኝ መጣ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን ሙሴ ነው የሚታየኝ፤ ረቡዕ ግን እንደዚያ አልነበረም።»

ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። አለ፤ በራሱ እጅ ጽሑፍ። ሙሴ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። የልጅቷ መልስ ከመስመሩ በታች ነው የጀመረው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። የፈሰሰው እህል ቢሆን ይለቀማል። ባዘዘው የአልጋው እግር ሥር ተቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሠራተኞቹ አፈሩለትና ወደ ሌላ አዩ። ምስክሮቹ ስድስት አልነበሩም፤ አንድም አልነበሩም። ከመጀመሪያው ሲናገር የነበረው እሱ ራሱ ነው፣ ቃሉ በሰው አፍ እየዞረ ሲመለስለት ማስረጃ መስሎት ሰበሰበው።

ቀና አለ። ወለላ አሁንም ቆማለች።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አላት። «እኔ ያልጠየቅሁሽ ምን አለ?»

ልጅቷ አሰበች። ከዚያ፣ ያገኙት ከታች መሆኑን ነገረችው። ሬሳው የገንዳው ወለል ላይ ነው የነበረው፤ የተፈለፈለው ቡና ከላዩ እስከ ወገባቸው ድረስ ነበር። ከላይ ቢጥሉት ኖሮ ከላይ ይገኝ ነበር፤ ያን ያህል ቡና ሥር ሰው ቀብሮ የሚሄድ የለም። ገንዳው ደግሞ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት መሞላት ጀምሮ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ተዘግቷል። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ አልሠራም።

«ይህን ሁሉ ታውቁ ነበር?»

«ቡና የሚያጥብ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም?»

«የተጠየቅነው ማን ተብሎ ነው። መቼ ብሎ የጠየቀን የለም። ኋላም እጅ ወጣ።»

ባዘዘው ተነሳ። ባየ ረቡዕ ጎህ ላይ አልሞተም፤ ማክሰኞ ከሰዓት ነው የሞተው። በጉሙ ውስጥ የታየው ባለ ጋቢ ማንም ይሁን ማን፣ ሟች ከሞተ ግማሽ ቀን ዘግይቶ ነው የመጣው። ማክሰኞ ከሰዓት! ባዘዘው ባለበት ደርቆ ቀረ። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ሙሴና ባየ ስለ ዱላው ጉዳይ ጣቢያ ተጠርተው ነበር። ባየ ሥራ አለኝ ብሎ ቀረ። ሙሴ መጣ። ባዘዘው ወደ ውይይት ክበብ ሲሄድ ግቢው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አየው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲመለስ እዚያው ተቀምጦ አገኘው፤ ደክሞት ስለነበር ሌላ ቀን ና ብሎ መለሰው። በመሐል ዘበኛው ካጠገቡ አልጠፋም።

ስሙ በማግስቱ ጠዋት ምላሱ ላይ ዝግጁ ሆኖ የተገኘው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው። ሙሴን ያየው ጣቢያው ውስጥ ነው፤ በሐሳቡ ያስቀመጠው ግን ገንዳው አጠገብ።

*

ማክሰኞ ገንዳው ሲሞላ ማሽኑ ላይ የነበረውን ታፈሰን ግራሶ ሲቀባ አገኘው። ባዘዘው ረቡዕ አይቶ የረሳውን አዲሱን ቺንጋ በጣቱ ጠቆመው።

አሮጌው የት ሄደ ብሎ ጠየቀ። ታፈሰ ተበጠሰ አለ። መቼ? ማክሰኞ። የቺንጋው መከለያ ቆርቆሮስ? ታፈሰ ግድግዳው ላይ ተደግፎ የቆመውን ቆርቆሮ አየ፣ ባዘዘውን አየ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋው። ጸጥታው ሲወርድ ሰውየው ባንዴ ያረጀ መሰለ።

ታፈሰ እንደተናገረው፣ የምርት እቅዱ ጊዜ ሊሞላ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ቺንጋው በወጣ ቁጥር መከለያውን መፍታት ጊዜ ስለሚበላ ታፈሰ ራሱ አነሳው። ሰዎቹ ከግንቡ ጀርባ እሸት ይገለብጣሉ፣ ከዚህኛው በኩል እሱና ባየ ብቻ ናቸው። ባየ ጎንበስ ብሎ ቦዩን ሲያይ ቺንጋው ተበጥሶ ጆሮ ግንዱን መታው፤ ገንዳው ውስጥ ወደቀ። ሞተሩ ለብቻው ይጮህ ነበር። ታፈሰ ትርፉን ቺንጋ አስገባና ቡናውን በላዩ ለቀቀው።

«ካቆምኩት ሰው ይሰበሰባል፣ መከለያውን ማን አነሳ ይባላል፣ አሻጥር ይባላል» አለ። «ልጆች አሉኝ። ሞቷል ብዬ ነው።»

«ወርደህ አየኸው?»

ታፈሰ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ንጹሕ ሆኖም መጥረጉን አልተወም።

«አልወረድኩም።»

ባዘዘው ብዙ ነገር ሰምቶ ያውቃል፤ ይህን ግን መስማት ከበደው። ሙሴ በአንተ ፈንታ ሲታሰር እንዴት እንቅልፍ ወሰደህ አለው።

«ስሙን እኔ አላነሳሁም፣ ጓድ መቶ አለቃ። ከእርስዎ ዘንድ ነው የመጣው። እኔ እጅ ብቻ ነው ያስወጣሁት።»

ባዘዘው ደብተሩን ገለጠ። ቃሉን ተቀበለ፣ አስፈረመ፣ አሰረው።

ማታ ከመድረሱ በፊት ባዘዘው ሙሴ ወደታሰረበት ክፍል ገባ። ማክሰኞን አውቄያለሁ፣ ነገ ትፈታለህ ብሎ ሲነግረው ሙሴ አለቀሰ፤ ካለቀሰ በኋላም ራሱ አወጣው። ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቷል፤ አሥራ ሁለት ሆነው ጎህ ሳይቀድ ጫካ ገብተው ይጸልያሉ። ረቡዕም እዚያ ነበር። ያንን ቢናገር አሥራ ሁለቱም ይታሰራሉ። ባዘዘው ደብተሩን ዘጋ። ያንን አልጻፈውም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ላንድሮቨሩ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ መዝገቡን ለወርቅአፈራሁ ሰጠው። ከሁሉ በላይ ያኖረው የራሱን የምስክርነት ቃል ነው፤ የሙሴን ስም ያነሳው መርማሪው እንደሆነ፣ ሙሴ ወንጀሉ ሲፈጸም በመርማሪው ግቢ እንደነበር፣ ሕዝቡ እጅ ያወጣው በመርማሪው ስህተት ላይ እንደሆነ ይላል።

ወርቅአፈራሁ ሁለት ጊዜ አነበበው። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እንደ ክፉ ሰው አልነበረም።

«የታፈሰ ቃል ይበቃናል። ይህችን ወረቀት አውጣት። መዝገቡ ውስጥ ከቆየች ሕዝብን በሐሰት አነሳስተሃል ማለት ነው፣ አንተም ትጫናለህ።»

«ካወጣኋት ስድስት ምስክርና የሕዝብ ውሳኔ ሙሴ ላይ እንደቆመ ነው። ታፈሰ ጅማ ሲደርስ ቃሉን ቢለውጥ ሙሴን ትመልሱታላችሁ። እሱን የሚያስጥለው ማክሰኞ ነው፣ ማክሰኞን ደግሞ ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ዘበኛውስ?»

«ዘበኛው የእኔ ሰው ነው ትላላችሁ።»

ወርቅአፈራሁ ወረቀቱን መዝገቡ ውስጥ መለሰው። ከዚያ ማኅተሙን አወጣ።

ሙሴ በእስር ቤቱ በር ሲወጣ ባዘዘው በላንድሮቨሩ በር ገባ። ታፈሰ ከኋላ ወንበር ላይ እጁ ታስሮ ተቀምጦ ነበር፤ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። መምህርት ለተብርሃን ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየችው። ባዘዘው ፈርቶ ነበር። በሩን ራሱ ስቦ ዘጋው።

ነዳጅ እስኪሞላ ቆይተው፣ ከተማውን አልፈው ቡናው መሐል ሲገቡ ጉሙ ገና መንገዱን ይዞታል። ከፊት የተቀመጠው ከጅማ የመጣ ወጣት መኮንን መዝገቡን ሲያገላብጥ ቆይቶ ቀና አለ። ራቅ ብሎ፣ ከጥላ ዛፎቹ ሥር፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው ቆሞ እጁን ወደ መኪናው አንስቷል። አጠገቡ ሕፃን ያዘለች ሴት ያለች ይመስላል።

«ያ ሰውዬ ሙሴ የምትሉት ነው አይደል?» አለ መኮንኑ።

ባዘዘው በመስኮቱ አጮለቀ። ልቡ እሱ ነው፣ እሱ ነው አለው። እንዲሆን ፈለገ፤ በዚያች ሰዓት ከዚያ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረውም። መኪናው አለፈና ሰውየው ጉሙ ውስጥ ቀረ።

«አላውቅም» አለ ባዘዘው። «ፊቱን አላየሁትም።»